የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በተማሪ ጣት የሚጻፍ መምህር

አንድ ሰሞን ታክሲ ውስጥ የኖኪያ ስልክ ሲጠራ ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን ይዳብስ ነበር። ያቺ አጭር ዜማ የተቀነጨበችው ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ታሬጋ ለጊታር ከደረሰው «ግራን ቫልስ» ነው። ስለ ሙዚቃ መምህራን የሚያወሳውን ይህን እትም ስናሰናዳ ደጋግመን ያነሳነው ግን ደራሲውን ሳይሆን አስተማሪውን ታሬጋን ነው።

ታሬጋ የተወለደው በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። በልጅነቱ ዓይኑ ክፉኛ በመጎዳቱ አባቱ ቢታወር እንኳ እንጀራ ይሆነዋል ብለው ሙዚቃ አስጀመሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አስተማሪዎቹም ዓይነ ስውራን ነበሩ። ኋላ ማድሪድ ኮንሰርቫቶሪ ገባ፤ ፒያኖም አጠና። የባኽንና የሾፐንን ሥራዎች ለጊታር እየመለሰ፣ የመጠጥ ቤት ማድመቂያ ተደርጎ ይታይ የነበረውን መሣሪያ አስከበረ። በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ቆርጦ ክሩን በጣቱ ሥጋ መምታት መረጠ፤ ከጉልህነቱ ይልቅ የድምፁን ልስላሴ ፈልጎ።

የማስተማሪያ መጽሐፍ አላሳተመም። ዘዴውን በመጽሐፍ ያሰፈረው ተማሪው ኤሚሊዮ ፑዦል ነው። ጥሩ መምህር በተማሪው ጣት ይጻፋል፤ በሚቀጥሉት ገጾች የምታገኟቸውን መምህራንም በዚህ ዓይን እንድታዩልን እንጋብዛለን።