ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላደግን ሰዎች ትኩሳት ማለት ወባ ነው። አዳማ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ)... ሰውነታችን ሲግል ጣታችንን ተወግተን ደም እንሰጣለን። «ኔጌቲቭ» ከተባልን ደግሞ «እንግዲያው ታይፎይድ ይሆናል» ተብለን ኪኒን ይዘን ወደ ቤት። አብዛኞቻችን በዚህ አካሄድ ድነናል። ኬሞቴራፒ የሚወስድን ሰው ግን ሊገድለው ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኬሞ መድኃኒት በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ያጠቃል። ካንሰሩ በፍጥነት ይራባል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ የመቅኔ ሴሎችም እንዲሁ። ፀጉር መርገፉንና ማስመለሱን ሁላችንም እናውቃለን። ዓይን የማያየው መቅኔው ላይ የሚደርሰውን ነው፦ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ይመናመናሉ። አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚያንሱት መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ልብ በሉ! ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኬሞ ወስዶ የተመለሰ የባቱ ሰው በዚያን ጊዜ የት ነው ያለው? ቤቱ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ አደጋው ግን አብሮት አውቶቡስ ተሳፍሯል። በእነዚያ ቀናት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው፤ በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ፓራሲታሞል ውጦ መጠበቅ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም።

«ወባም እኮ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ይመርመር። ግን የወባው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ የደም ሴል ቆጠራውና አንቲባዮቲኩ ወረፋ መጠበቅ የለባቸውም።

ትልቁ እንቅፋት ምስጢረኝነታችን ይመስለኛል። ካንሰርን በስሙ አንጠራም፤ «ያ በሽታ» እንላለን። አንዳንዴ ቤተሰብ ለታማሚው ለራሱ ይደብቀዋል። ታዲያ ያልተነገረው፣ ወይም «ለሰው እንዳትናገር» የተባለ ሰው፣ ለተረኛዋ ነርስ «ከ10 ቀን በፊት ኬሞ ወስጃለሁ» ብሎ እንዴት ይንገራት? እሷስ በምን ትወቅ?

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኬሞ የሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ ለታማሚው አንድ ካርድ ይስጠው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚደወልበት ቁጥር፣ «38 ዲግሪ ከደረሰ ድንገተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። እኛ ጠያቂዎችም ጉንፋን ይዞን «ይቀየሙኛል» ብለን አንሂድ፤ ስልክ አለ።

ቤታችሁ ኬሞ የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ ካርዱን አትጠብቁ። ቴርሞሜትር ግዙ። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀን ካላንደሩ ላይ አክብቡትና 14 ቀን ቁጠሩ። ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ኬሞ» ይሁን።