ስለ ምሕንድስና መሰናዶ ትምህርት

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወስኖ ነበር። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቱንቢና ውኃ ልክ ሳይነካ፥ ምሕንድስናን ከጥቁር ሰሌዳ እየገለበጠ እንዲያድግ መተዉን ነው። ለዚህ ትምህርት እንደ መቀሌ ልጅ የታደለ ማን አለ? አያቶቹ ሕድሞን በድንጋይ ሲክቡ ኖረዋል፤ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ጣሊያናዊው ናሬቲ ያነጸው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት በከተማው ቆሟል። ታዲያ መምህሩ ወደዚያ ወስዶ፥ «ይህ ግድግዳ ስለምን አልወደቀም?» ብሎ መች ጠየቀው? መሣሪያ የለንም የሚሉን አሉ። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘረፋቸውና መፍረሳቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ለቱንቢ ገመድና ጠጠር ይበቃል። ቃላሚኖን የመሰለው ልዩ ትምህርት ቤት ጥቂቶችን መርጦ ያስተምራል፤ እኛ በሳምንት ሁለት የእጅ ሥራ ሰዓት የምንጠይቀው ላልተመረጡት ነው።