«በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»

በዚህ ገጽ የምንገናኘው ስለ ቃል ለማውጋት ነውና፣ ዛሬም የምጽፈው ስለ ቃል ነው፡፡ ቃሉን ያገኘሁት ግን ከግጥም መድበል ውስጥ አይደለም፡፡ እዚሁ ሐዋሳ፣ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ባለፈው እሑድ በነጠላቸው ሸፍነው ካመጡልኝ ደብዳቤ ላይ ነው፡፡ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ፡፡

ልጃቸው በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት በመላጊያ ማሽን ሲሠራ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ካጣ ስምንት ወር ሆኖታል፡፡ ካሳ ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ ይህ ነው፤ «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት በመሆኑ ድርጅቱን አይመለከትም፡፡ ሆኖም በሰብዓዊነት የ5,000 ብር ድጋፍ ይደረግለታል፡፡» ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተያይዟል፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ የሚፈርምበት፡፡

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ሳነበው ደብዳቤው ትክክል መስሎኝ ነበር፡፡ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ፡፡ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከሣጥኔ ብር ከጎደለ ከኪሴ እተካለሁ፤ ለምን እንደ ጎደለ ማንም አይጠይቀኝም፡፡ «ያጠፋ ይክፈል» እየተባለ ዓመታት የኖረ ሰው፣ የሌላውንም ጣት በዚያው ሚዛን ቢመዝን አይገርምም፡፡ ለእናቲቱም «እንግዲህ ምን ይደረጋል…» ብዬ ሸኘኋቸው፡፡ በዚህ እስካሁን አፍራለሁ፡፡

ሌሊቱን አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 96፡፡ ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው፡፡ ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ራሱን የጎዳው ሆን ብሎ ሲሆን ነው፡፡ ሆን ብሎ! የደብዳቤው ጸሐፊ ይህን ቃል አውጥቶ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ተካበት፡፡ የአንድ ቃል ለውጥ ናት፤ የሁለት ጣት ዋጋ ግን ተሻረባት፡፡ ዐሥር ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው እጁ ሊዝል፣ ዐይኑ ሊፈዝ ይችላል፡፡ ሕጉ የወጣው እንዲህ ዓይነቱ ሰው ማሽን አጠገብ እንደሚቆም ታውቆ ነው፡፡

እርግጥ፣ አንቀጹ ጠባብ በር ትቷል፡፡ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ፣ ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል፡፡ ክርክሩ ችሎት ሲደርስ አሠሪው የሚሮጠው ወደዚህች በር ነው፡፡ ይሩጥ! እኛም እንጠይቀው፤ መመሪያው የታለ? ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ ተሰጠ? ልጁ እንደነገረኝ ማሽኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው እርስ በርሱ የሚያወራው ደግሞ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በአማርኛ፡፡ የምላጩ ሽፋንም «ሥራ ያጓትታል» ተብሎ ከተነሣ ቆይቷል፡፡ ሽፋኑን ያስነሣ ሰው ስለ ጥንቃቄ ደብዳቤ ሲጽፍ ብዕሩ አለመንቀጥቀጡ ይደንቃል፡፡

ፍራንዝ ካፍካን የምትወዱ ሁሉ ይህን ታስታውሱ ይሆናል፡፡ ከ1908 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. እንጀራው የነበረው በፕራግ የሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም የቢሮ ሥራ ነበር፡፡ በ1910 እ.ኤ.አ. ስለ እንጨት መላጊያ ማሽን የጻፈው ዘገባ የተቆረጡ ጣቶችን ሥዕል ሳይቀር ይዟል፡፡ ክርክሩም ግልጽ ነበር፤ ምላጩ የተገጠመበት ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ በክብ ዘንግ ካልተተካ እጅግ ጠንቃቃው ሠራተኛም ጣቱን ያጣል፡፡ እንደኔው የቢሮ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የተረዳውን እኛ ዛሬም «ቸልተኛ» እያልን እናልፈዋለን፡፡

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ የልጁ ደመወዝ በወር 3,000 ብር ነበር፤ ጡረታ ውስጥም አላስገቡትም፡፡ በአዋጁ መሠረት በሕክምና ላይ ላለ ተጎጂ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደመወዝ ሙሉ ነው፤ ቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ፣ የቀሩት ስድስት ደግሞ ከ50 በመቶ አያንሱም፡፡ እጁ አሁንም ስላልዳነ የስምንት ወሩ 18,750 ብር ይሆናል፡፡ ጡረታ ላልታቀፈ ሠራተኛ የዘላቂ ሙሉ ጉዳት ካሳ የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው፤ 180,000 ብር፡፡ የሕክምና ቦርድ ጉዳቱን 15 በመቶ ነው ቢል እንኳ 27,000 ይደርሰዋል፡፡ ድምሩ 45,750፤ የሕክምናው ወጪ ሳይቆጠር፡፡ እነርሱ 5,000 ሰጥተው «ሰብዓዊነት» አሉት፡፡ በእኛ መስኮት እንዲህ ያለ ሒሳብ ያቀረበ ሰው ፖሊስ ይጠራበታል፡፡

«አሠሪውን ካስጨነቃችሁት ይዘጋል፤ እንጀራ ይጠፋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ፡፡ በከተማችን ሥራ ሲጠፋ አይተናል፡፡ ከኢንዱስትሪ ፓርካችን ታላላቅ ስሞች አንዱ የነበረው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ጦርነቱ በበረታበት ወቅት ነበር፤ ከዚያም በታኅሣሥ የአጎዋ ዕድል ታገደ፡፡ የትኛው ፋብሪካ ነው ለጣት በከፈለው ካሳ የከሰረ? ስሙን ንገሩኝና ዝም ልበል፡፡

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ሽምግልናው ነው፡፡ ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ «ተነጋገሩ፣ ጊዜ ስጡት» ይላሉ፡፡ ሽምግልናን አልነቅፍም፤ አባቶቼ ያደሩበት ነው፡፡ ነገር ግን ይርጋ የሚባል ነገር አለ፡፡ እንዲህ ያለው ጥያቄ መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፡፡ በሽማግሌ ፊት የተጠጣው ቡና ያንን ዓመት አያቆመውም፤ በጽሑፍ የታመነ ነገር ከሌለ ቀኑ ይነጉዳል፡፡ ችሎቱ ግን ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል፡፡

ከአደጋው ቀን ቢቆጠር አራት ወር ቀርቶናል፡፡ ትናንት ማታ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ክሱን ጻፍን፡፡ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ከደብዳቤው ቃል በቃል ገልብጠን፣ ከጎኑ አንቀጽ 96ን አስቀመጥን፡፡ በግራ እጁ መፈረም ገና እየለመደ ስለሆነ ሦስት ወረቀት አበላሸን፤ አራተኛው ተነበበ፡፡ የ5,000 ብሯ ወረቀት ሳትፈረም መሳቢያዬ ውስጥ ናት፡፡ ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፡፡