ድንኩ ደንገልና የውዱእ ውሃ

ውሃ በአህያ ጋሪና በቦቴ እየተጫነ በሚሸጥባቸው ከተሞች መካከል ሆኖ፣ ሥሩን ዘወትር በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ተክል በየግቢው ይተከል ብሎ መጻፍ፣ ነገሩን ጠልቆ ላልመረመረ አንባቢ፣ የተጠማውን ሕዝብ መዘንጋት መስሎ ሊታየው ይችላል። ቢሆንም ስለ ድንኩ ደንገል የምለው አለኝ፤ የምለውም ለጅጅጋ ብቻ ሳይሆን ለቶጎ ውጫሌ፣ ለአውበሬ፣ ለቀብሪ በያህና ለሽንሌም ይበጃል ብዬ በማመን ነው። ይህ ተክል አንድ ጊዜ አገልግሎቱን ፈጽሞ ወደ ቦይ በሚወርድ ውሃ ብቻ ቢያድግ፣ ያውም የውሃው ገጽ ለወባ ትንኝ ሳይገለጥ ቢሆን፣ ለመጠጥ የሚበቃ ውሃ ጧትና ማታ ከሚፈስስለት የተነጠፈ ሣር ይልቅ ለእነዚህ ከተሞች የተገባ ጌጥ ነው።

ወገኑን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሐሳቡን ወደ ጣና ይመልስ። በዚያ ባሕር ዳርቻ ከ4 እስከ 5 ሜትር ቁመት የሚደርሰው፣ የወይጦ ሰዎች አስረው ታንኳ የሚያበጁበት፣ ያገሩ ሰው ለዘመናት እህሉንና እንጨቱን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲያሻግርበት የኖረው ታላቁ ደንገል የድንኩ የቅርብ ዘመድ ነው። የጥንት ግብፃውያን ከግንዱ ውስጥ ያለውን ነጭና ለስላሳ አካል በስሱ ሰንጥቀው፣ በቁምና በአግድም ደራርበው እየደበደቡ መጻፊያ አድርገውታል፤ የእኛ ሊቃውንት ግን መጻሕፍታቸውን በብራና ላይ ስለ ጻፉ፣ ደንገል በሀገራችን የመጽሐፍነት ማዕርግ ሳይደርሰው በታንኳነቱ ጸንቶ ኖረ። ኦሪት ዘጸአት ሕፃኑን ሙሴን የተሸከመችው ሣጥን ከደንገል የተሠራች እንደ ነበረች ይነግረናል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር የደንገል መርከቦችን ያነሣል። ይህን ያህል ክብር ያለው ዕፅ ዛሬ በእርሻ መስፋፋት፣ በልቅ ግጦሽና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሐይቁን በወረረው እምቦጭ ምክንያት ከጣና ዳርቻ እየተመናመነ መሄዱ፣ ጉዳዩ የባሕር ዳር ሰው ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ድንኩ ግን ከዚያ ከታላቁ የሚለየው በቁመት ነው። የትውልድ ቦታው ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘረጋ ሲሆን በማዳጋስካርም ይገኛል፤ ቁመቱም ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ቅጠል አልባ ይመስላል፤ ቅጠሉ ተመናምኖ ከግርጌው ላይ ሰገባ ብቻ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብን የማዘጋጀቱን ተግባር የተረከበው አረንጓዴው ግንድ ራሱና በጫፉ ላይ እንደ ጥላ የተዘረጋው የቀጫጭን ጨረሮች አክሊል ነው። ይህ ማጠሩ ለጅጅጋ ታላቅ በረከት ነው፤ ከካራማራ ተራራ ወዲህ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ረጅሙን ደንገል ከወገቡ ሲሰብረው፣ አጭሩ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ከነፋስ ይልቅ የሚፈራው ፍየል ነው፤ ስለዚህ ከአጥር ውጭ መትከል ከንቱ ድካም ይሆናል።

አሁን ወደ ውሃው ነገር ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። ከጅጅጋ ወደ ሐርትሼክና ወደ ሐውድ የሚወርደው ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ የሌለው ሲሆን፣ ሕዝቡ በድራዕና በካራን ዝናም የሚያጠራቅመውን ጎርፍ በሲሚንቶ በተለሰነ ብርካ ውስጥ አኑሮ የጅላልን ደረቅ ወራት የሚሻገር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሲታጎሉ፣ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ግመሉንና ላሙን በየመንገዱ ዳር ሬሳ ሆኖ አይቷል። በዚህ ምድር ላይ ከብርካ ወይም ከቦቴ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ለጌጥ ተክል ማፍሰስ በደል ነው፤ ይህን ስናገር ማለዘብ አልፈልግም። ደንገልን የሚወድድ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ሕግ በልቡ ይጻፍ፤ ለሰውና ለእንስሳ መጠጥ የሚበቃ አንዲት ጣሳ ውሃ ወደ ማሰሮው አትገባም።

እንግዲያስ ከየት ይጠጣ? በጅጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች በየሰፈሩ መስጊድ አለ፤ በየመስጊዱም ምእመናን በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ሲዘጋጁ እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ይፈስሳል። ይህ ውሃ ሳሙናም በረኪናም ያልነካው፣ ጥቂት አቧራ ብቻ የያዘ፣ በየዕለቱ በታወቀ ሰዓት የሚገኝ ነው፤ አትክልተኛ ከዚህ የተሻለ የውሃ ምንጭ ሊመኝ አይችልም፤ እኛ ግን ከመታጠቢያው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ መንገዱ አቧራ እንሰድደዋለን። የእስልምና መምህራን በወራጅ ወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ውሃ እንዳያባክን የሚያስጠነቅቀውን የነቢዩን ትምህርት ዘወትር ያስተምራሉ፤ ይህን ትምህርት ለሚሰማ ሕዝብ የምነግረው አዲስ ነገር የለኝም፤ የማቀርበው የሥራ መንገድ ነው። መስጊድ በማይደርስበት ግቢም የእጅ ማስታጠቢያው፣ የስኒ ማለቅለቂያውና አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃል፤ የልብስ እጥበት ውሃ ግን፣ በረኪና ከገባበት፣ ሥሩን ይገድላል።

ደንገል ለዚህ ዓይነት ውሃ የተፈጠረ መሆኑን በካምፓላ ከተማ ማየት ይቻላል፤ በናኪቩቦ ረግረግ የበቀለው ታላቁ ደንገል ከከተማይቱ የሚወርደውን እድፋም ውሃ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ሲያጣራ ኖሯል። ምስጢሩ በአካሉ ውስጥ ነው፤ በግንዱ ውስጥ ያሉት የአየር መተላለፊያዎች ነፋስን ከላይ ወደ ሥር ስለሚያወርዱ፣ ሌላውን ተክል አፍኖ በሚገድለው ጭቃ ውስጥ እርሱ ይተነፍሳል፤ በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታትም እድፉን ይበሉለታል፤ ከእድፉ የሚገኘውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ደግሞ ራሱ ምግብ ያደርገዋል።

ሆኖም ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ብዬ ተክሉን ባወድስ ሕዝቡን በደልሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ በሶማሌ ክልል፣ በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በጅጅጋም፣ በደገሃቡርም፣ በድሬዳዋም ታይታለች። የቀድሞዎቹ የሀገራችን የወባ ትንኞች በገጠር ኩሬና በወንዝ ዳር ሲራቡ፣ ይህችኛይቱ በከተማ መካከል፣ ሰው ራሱ ባስቀመጠው በርሜል፣ በብርካና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በደረቁ ወራት የተነሣውን የወባ ወረርሽኝም አጥኚዎች ከእርሷ ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ በፈረንጅ የአትክልት መጻሕፍት ሥዕል ላይ እንደሚታየው፣ ውሃ ሞልቶ በሚያብረቀርቅ ገንዳ ውስጥ ደንገልን ማቆም፣ በጅጅጋ ግቢ ለዚህች ትንኝ ቤት ሠርቶ ማስረከብ ነው።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ተክሉ የሚሻው እርጥብ ሥር እንጂ የተገለጠ ውሃ አይደለም። ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ሰፊ ዕቃ፣ የተቈረጠ በርሜልም ሆነ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ይወሰድና ከጅጅጋ ሜዳ የሚገኘው ከባድ ዋልካ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ይሞላበት፤ ከዚያ ላይ ቢያንስ አራት ጣት ውፍረት ያለው ጠጠር ይንጠፍበት፤ በአንድ ጥግ በኩልም እስከ ታች የሚዘልቅ የፕላስቲክ ቱቦ ይቁም። ውሃው የሚጨመረው በቱቦው ነው፤ ቀጭን እንጨት አስገብቶ ከፍታውን መለካትም በእርሱ ነው፤ የውሃው ገጽ ዘወትር ከጠጠሩ ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፤ የቱቦውም አፍ በወፍራም ጨርቅ ይታሰር። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅባት፣ ዝናም ዘንቦ ከጠጠሩ በላይ የቆመ ውሃ ቢገኝ በዚያው ሳምንት ማፍሰስ ግድ ነው። ከዕቃው ጎን፣ ከጠጠሩ ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የበሳ ሰው ከዚህ ሥጋት ይድናል።

የቀረው እንክብካቤ ብዙ ቃል አይፈልግም። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች ሙሉ ፀሐይ ይስማማዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ግን ጫፉን ያደርቀዋልና በግንብ ጥግ ማስጠጋት ነው። በሽንሌና በደወሌ ቆላ ደግሞ ከቀትር በኋላ ጥላ ያስፈልገዋል። የጉድጓድ ውሃ ጨው በጠጠሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ በዝናም ወቅት ዕቃውን ከላይ አጥቦ ማፍሰስ ጨውን ያወጣዋል። ያረጁትን ቢጫ ግንዶች ከሥር መቁረጥ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ሥሩን በስለታም ቢላዋ ከፍሎ መትከል ይገባል። ከዚህ ሌላ ሕፃናትን የሚያስደስት የማራቢያ መንገድ አለ፤ አክሊሉን ከአንድ ስንዝር ግንድ ጋር ቈርጦ፣ ጨረሮቹን አሳጥሮ፣ ወደ ታች ዘቅዝቆ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቢያኖሩት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጨረሮቹ መገናኛ አዲስ ሥርና ቡቃያ ያወጣል።

ጅጅጋን በ1909 ዓ.ም. ገደማ ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ከተማዪቱን በቀጥታ ጎዳናዎች የከፈሉ ሰው ነበሩ፤ እርሻንም በውጭ ሀገር ተምረው ስለ ነበር የመሬትንና የውሃን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከእርሳቸው የተወረሱት ጎዳናዎች ዛሬ በአረንጓዴ እንዲያምሩ የሚደክመው የከተማው አስተዳደር፣ ድካሙ የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፣ በየአደባባዩ የሚያነጥፈው ሣር በቦቴ ውሃ የሚኖር ከሆነ የመጀመሪያው ድርቅ ሲመጣ ይቃጠላል። በእኔ አስተያየት ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የደረቅ መሬት እርሻን የሚያስተምር ተቋም እንደ መሆኑ፣ ከአንድ መስጊድ ሽማግሌዎች ጋር ተስማምቶ በውዱእ ቦይ ዳር አንድ የድንክ ደንገል መደብ በጠጠር ሸፍኖ ይትከል፤ የሚገባውን ውሃ ይለካ፤ ትንኝ መኖር አለመኖሩንም በየሳምንቱ ይመርምር። መደቡ አንድ ሙሉ ጅላል በውዱእ ውሃ ብቻ ለምልሞ ከወጣ ሆቴሎቹም መሥሪያ ቤቶቹም ያንኑ ይከተሉ፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቦቴ መጥራት ካስፈለገ ግን ደንገሉ ይነቀልና በምትኩ የሀገሩ እሬት ይተከልበት።