ይድረስ ሞላ ሊቀይሩ ለተነሡ

ውድ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ከፊቴ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ተጨምቆ ግማሽ የቀረ የግራሶ ቱቦና ጥርሱ የረገፈ አንድ የፕላስቲክ ፒስተን ተቀምጧል። ፒስተኑን የገደልኩት እኔው ነኝ። እንዴት እንደገደልኩት ብነግርዎ ምናልባት የእርስዎ ይተርፍ ይሆናል።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኤርሶፍት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ድቡልቡል የፕላስቲክ ፍሬ በአየር ግፊት የሚተኩስ የጨዋታ ጠመንጃ ነው። ሰዎች በቡድን ተከፍለው ጫካ ወይም ባዶ መጋዘን ውስጥ ይጫወቱበታል፤ የተመታ እጁን አንሥቶ ይወጣል። በእንጨት ጠመንጃ ሌባና ፖሊስ ተጫውቶ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔን ያስገባኝ ልጄ ነው፤ ለልደቱ ገዛሁለት። እሱ በሁለት ወሩ ሰልችቶት ወደ ቅርጫት ኳሱ ተመለሰ፣ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

የኤሌክትሪኩን ዓይነት ለዓለም ያስተዋወቁት ጃፓኖች ናቸው። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ፋማስ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ አስመስሎ የመጀመሪያውን አወጣ፤ የሆዱ አሠራር እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። እንደ ኤም 4 ባሉት ጠመንጃዎች ላይ እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ዲናሞ ሦስት ጊሮችን ታዞራለች። ሦስተኛው ጊር ፒስተኑን የሚነክስ ጥርስ ያለው በግማሽ ጎኑ ብቻ ነው። ጥርሳሙ ጎን ፒስተኑን ነክሶ ወደ ኋላ ሲጎትት ከበስተኋላው ያለው ሞላ ይታመቃል። ጥርሱ ሲያልቅ ፒስተኑ ይለቀቃል፣ ሞላው ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው አየር ፍሬዋን ገፍቶ ያስወጣታል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሁሉንም አቅፎ የያዘው የብረት ሣጥን ጊርቦክስ ይባላል፤ የመኪና ቢሆን ካምቢዮ እንለው ነበር። (ሞላም፣ ካቻቢቴም፣ ካምቢዮም ከጣሊያን የወረስናቸው ናቸው። ጋራዥ የዋለ ሐበሻ ሳያውቀው ግማሽ ጣሊያንኛ ይናገራል።)

ሞላዎቹ ኤም 90፣ ኤም 100፣ ኤም 120 እየተባሉ ይሸጣሉ። ቁጥሩ በግምት 0.20 ግራም የምትመዝን ፍሬ በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደምትበር ይናገራል። ኤም 100 ማለት በሴኮንድ 100 ሜትር፣ አሜሪካኖች በሚቆጥሩበት ጫማ ደግሞ 328 ነው። የፍሬዋ ጉልበት ግን በፍጥነቷ ልክ ሳይሆን በፍጥነቷ ካሬ ነው የሚያድገው። በ100 ሜትር ጉልበቷ 1 ጁል ነው፤ በ130 ሜትር 1.69 ይደርሳል። ፍጥነቱ ላይ 30 በመቶ ሲጨምሩ ምቱ ላይ 69 በመቶ ጨመሩ ማለት ነው። ይህን ስሌት የሠራሁት ኤም 130 ሞላ ከገዛሁ በኋላ ነው። ስገዛ የታየኝ 130 ከ100 እንደሚበልጥ ብቻ ነበር።

ሞላውን ልቀይር የተቀመጥኩት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትነሣ ጠረጴዛውን ወርሼው አገኘችኝ። ባትሪውን ነቅያለሁ፣ ካዝናውን አውጥቻለሁ፣ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ደርድሬያለሁ። እስከዚያ ድረስ ጨዋ ሠራተኛ ነበርኩ። የረሳሁት አንድ ነገር ነው። ባለፈው ተኩሼ ሳቆም ሞላው በከፊል እንደታመቀ ቀርቶ ነበር። ጊሮቹ ወደ ኋላ እንዳይሽከረከሩ የምትይዝ፣ የጥፍር ግማሽ የምታህል መቆለፊያ አለች፤ ዲናሞው ከወጣ በኋላ እሷን በቀጭን ካቻቢቴ ገፋ አድርጎ ሞላውን ማስተንፈስ ግዴታ ነው። እኔ ሳላስተነፍስ የመጨረሻውን ብሎን ፈታሁ። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ሞላው ከነመሪ ዘንጉ በጆሮዬ ሥር አልፎ የምድጃውን መከለያ መታ። ጀበናው ተረፈ። የመቆለፊያዋ የራሷ ሞላ ግን፣ የሩዝ ፍሬ የምታህለዋ፣ ደብዛዋ ጠፋ። ከሦስት ቀን በኋላ የልጄ ካልሲ ላይ ተሰክታ ተገኘች። መነጽር አድርጌ ነበር ወይ? አላደረግኩም።

እርስዎ እንደዚህ አያድርጉ። መነጽር ያድርጉ፤ መቆለፊያዋን ይልቀቁ፤ ከዚያ ከሣጥኑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ረዥም ካቻቢቴ አስገብተው የሞላውን መሪ ዘንግ በአንድ እጅ ደግፈው ይያዙ፣ ክዳኑን በሌላው ቀስ ብለው ያንሡ። ከአዳዲሶቹ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ከሰደፉ በኩል ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ አስገብተው መሪ ዘንጉን ገፋና ዞር ካደረጉት ሞላው በኋላ በኩል ይወጣል፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እኔ ግን ይህን ምቾት አላምነውም። ሣጥኑ ስላልተከፈተ ሞላው ይቀየራል እንጂ ሌላውን ክፍል ማንም አያየውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መጫወቻው ሄድኩ። በር ላይ የሁሉም ሰው መሣሪያ ፍጥነቱ ይለካል። የእኔ 428 ጫማ አሳየ፤ እዚያ የሚፈቀደው እስከ 400 ነበር። የሚለካው ወጣት ዕድሜው ከልጄ ብዙም አይርቅም፤ በትሕትና “በዚህስ አይገቡም” አለኝ። መግቢያ ከፍዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

ያኔ የድሮውን ሞላ መመለስ ነበረብኝ። እልህ ያዘኝና አልመለስኩትም። አንድ ወዳጄ እርሻ ላይ ጣሳ ደርድረን ስንተኩስ ሁለተኛው ካዝና ሳያልቅ ከሆዱ “ጥርርር” የሚል ድምፅ ወጣ። ዲናሞዋ ትዞራለች፣ ፍሬ ግን የለም። ቤት ወስጄ ስከፍተው ነጭ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከአረንጓዴው ግራሶ ጋር ተለውሶ አገኘሁ። ከፒስተኑ የፕላስቲክ ጥርሶች አምስቱ ረግፈዋል፤ ከብረት የተሠራው የመጨረሻው ጥርስ ግን ምንም አልሆነም።

ጥፋቱ የሞላው አልነበረም። ሞላው ሥራውን ሠርቷል። ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ ፒስተኑም፣ ጊሩም፣ ዲናሞውም ለኤም 100 ተመጣጥነው ነው የተገጠሙት። እኔ አንዱን ብቻ አጎለበትኩ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ደካማው ሄደ። በኤም 120 እና ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጥርሱ ሁሉ ብረት የሆነ ፒስተን፣ ከፍጥነት ይልቅ ጉልበት የሚሰጥ ዲናሞ፣ ጊሮቹ እንዳይላወሱም እንዳይጣበቁም በየሥራቸው የሚገቡ ስስ ሮንዴላዎች ያስፈልጉታል። የፒስተኑ የመጀመሪያ ጥርስ ጊሩን የሚገናኘው በሰያፍ ከሆነ ይሸረፋል፤ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ ወፈር ያለ ላስቲክ ለጥፎ ፒስተኑን ወደ ኋላ በመግፋት ይስተካከላል። ከባድ ሞላ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የቃታው መገናኛ ብረት እየተቃጠለ ይጠቁራል። ዋጋውን ሲደምሩት አንዳንዴ የጠመንጃውን ይጠጋል።

ከሁሉ በፊት አየሩን ይፈትሹ። የሲሊንደሩን አፍ በጣትዎ ደፍነው ፒስተኑን ወደ ፊት ይግፉት። እንደ ብስክሌት መንፊያ ታግሎ ከቆመ ደህና ነው፤ ሹልክ ብሎ ከገባ ያፈስሳል። በሚያፈስስ ሲሊንደር ላይ ጠንካራ ሞላ መግጠም በቀዳዳ ከረጢት ጤፍ መስፈር ነው።

ደግሞስ ለምን ፈለጉት? ሞላ የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሚለው “ራቅ አድርጎ እንዲመታልኝ” ነው። ርቀትን ግን በዋናነት የሚሰጠው ሆፕ አፕ ነው። አፈሙዙ መነሻ ላይ ያለች ትንሽ ላስቲክ ፍሬዋን ከላይ ጫን ስትላት ፍሬዋ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትወጣለች፤ መሽከርከሯ አየር ላይ ደግፎ ያቆያታል። ቀላል ፍሬ ቢፈጥንም አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፣ ነፋስም ይወስደዋል። 0.28 ግራም የሆነችው በዚያው ሞላ ስትወጣ ዝግ ትላለች፣ መንገዷን ግን ትጠብቃለች። ጨዋታውን የፈጠሩት ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2006 በተሻሻለው ሕጋቸው ከ0.98 ጁል በላይ አይተኩሱም፤ ርቀቱን የሚያገኙት ከላስቲኩና ከአየሩ ነው።

በአውሮፓ ላላችሁ ወገኖቼ ነገሩ ከጥርስ መርገፍም ያልፋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ለተከታታይ ተኳሽ 1.3 ጁል፣ ለነጠላ ተኳሽ 2.5 ጁል ጣሪያ አድርጓል። በጀርመን ከ0.5 ጁል ያለፈው በጦር መሣሪያ ሕግ ይያዛል፤ ያለፈቃድ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበት የጨመረ ሰው ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። በአሜሪካ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የራስዎን ያጣሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። በእጁ የነበረው ኤርሶፍት ሽጉጥ ነበር፤ ጫፉ ላይ የሚደረገው ብርቱካናማ ምልክት ተነቅሎ ነበር። ልጆቻችን ቤት ውስጥ ሐበሻ ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስ ግን ጥቁር ልጆች ናቸው። ብርቱካናማው አይነቀል፣ በቀለም አይሸፈን። ጠመንጃው ከቤት እስከ መጫወቻው በተዘጋ ሻንጣ ከመኪናው ኋላ ይሂድ። ግቢ ውስጥም ቢሆን ጎረቤት በሚያይበት አይያዝ። እውነተኛ መሣሪያ ስለሚመስል ለአዲስ አበባ የአጎት ልጅ ስጦታ ይሆናል ብለውም ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት።

አሁን የእኔ ውስጥ ያለው ኤም 110 ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ 356 ጫማ ለካ፣ ወጣቱም ራሱን በእሺታ ነቀነቀልኝ። ሞላውን ገና ካላዘዙ ትንሽ ይቆዩ። አንድ ከረጢት 0.28 ፍሬና አንድ አዲስ የሆፕ አፕ ላስቲክ ገዝተው አንድ ቀን ይጫወቱበት። ከዚያም በኋላ ያስፈልገኛል ካሉ ኤም 110 ይበቃዎታል።

አክባሪዎ፣
ከአሌክሳንድሪያ