ቁጥር ምስክር አይሆንም

ተመልካች የበዛለት የቴሌቪዥን ድርሰት ሁሉ መልካም፣ ያነሰበት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ሥር እየሰደደ ነው። ይህ የነጋዴ ሚዛን እንጂ የጥበብ ሚዛን አይደለም።

«ስታር ትሬክ» የተሰኘውን የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ያስታውሷል። በ1966 እ.ኤ.አ. በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ ተጀመረ። ተመልካቹ አነሰ ተብሎ ሊታጠፍ ሲል፣ ወዳጆቹ ደብዳቤ አዝንበው በ1968 አተረፉት። ጣቢያው ግን ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ዓርብ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አሳየው፤ በ1969 ዘጋው። ሰዓቱን የመረጠ ባለጣቢያው፣ ጥፋቱ የተላከከው ግን በተመልካቹ! በሌሎች ጣቢያዎች በድጋሚ ሲታይ ድራማው ገነነ።

በአገራችንም ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ከባህልና ከተዋናዩ እንጀራ አልፎ፣ ድርሰቱን ማን መረጠው፣ ማን አስተዋወቀው፣ ጣቢያውስ የማን ነው ወደሚሉት ጥያቄዎች ሊዘልቅ ይገባዋል።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሕዝብ የተሻለው ሚዛን እንግዳ አይደለም። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ የሚመሰከርለት በአዳማጩ ብዛት ሳይሆን፣ ዜማውን ጠንቅቆ በሚያውቅ መምህር ፊት ተፈትኖ ነው። ለቴሌቪዥን ድርሰትም ምስክሩ ሥራውን መርምሮ፣ ጉድለቱን ነቅሶ የሚከራከር ተመልካች ነው። እንግዲህ የነፋስ መውጫ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ክርክር ያብቁ፤ ከያንያንም ከቁጥሩ በፊት ይህን ምስክር ያድምጡ!