ስለ ሕፃናት ዳሌ

በቢስቲማም ሆነ በሌላው የወሎ ገጠር ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሲያነክስ ቢታይ፣ ቤተ ዘመዱ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል፤ ወይም ወጌሻ ተጠርቶ ያሸዋል። ወጌሻ ወለምታን ማቃናት ያውቃል፤ በሕፃንነት ከቦታው የወጣ ዳሌ ግን በማሸት አይመለስም። ልጁም ስለማያመው ዝም ይላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ካደገ በኋላ ነውና።

የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጽዋ ውስጥ ይቀመጣል። በአንዳንድ ሕፃናት፣ ይልቁንም በሴቶችና በመቀመጫቸው በተወለዱት፣ ጽዋው ጥልቀት ስለሚያጣ ራሱ ይንሸራተታል። ምልክቱም አንዱ እግር አጥሮ መታየቱ፣ ወይም ጭኖቹ ሲከፈቱ አንዱ አልከፈት ማለቱ ነው።

እስከ 6 ወር ድረስ ጭንን ከፍቶ የሚይዝ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ያለ ቢላዋ ያድናል። (የእናቶቻችን አንቀልባም ጭንን ከፍቶ ስለሚይዝ ለዳሌ የተስማማ ነው፤ እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ይጎዳል።) ከዚያ በኋላ በማደንዘዣ መልሶ በጀሶ ማሰር ይሞከራል። ልጁ 18 ወር ካለፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ግድ ይሆናል።

የአዋቂ ዳሌ በሰው ሠራሽ ሲተካ ሐኪሙ ከኋላ ወይም ከጎን መግባቱ የተለመደ ነው። በሕፃን ግን የአጥንቱን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች ይበልጡን በኋላ በኩል ስለሚያልፉ፣ ከፊት፣ ከብሽሽት ከፍ ብሎ ይቀዳል። ገና ትንሽ ለሆነው በጭን ውስጠኛ ወገን መግባትም አለ፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም ለእነዚያው ሥሮች ስለሚቀርብ ጥንቃቄ ይሻል። ሐኪሙ የሚከለክለውን ጅማት አላልቶ፣ ጽዋውን የሞላውን ሥብ አውጥቶ፣ ራሱን በቦታው ያስቀምጣል። ልጁ ከፍ ያለ እንደ ሆነ የጭኑን አጥንት ጥቂት ያሳጥራል፤ ወይም ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ሳልተር በ1961 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንደ ገለጸው፣ የዳሌውን አጥንት ቆርጦ ለጽዋው ጣሪያ ያበጅለታል።

እንግዲህ የወረባቦ እናት ልጇን ይዛ ደሴ ሆስፒታል ታስመርምረው። ለጥቂት ወራት ሕፃን አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ላለፈው ኤክስሬይ ይነሣል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ከተባለ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም የልጆችን አጥንት ወደሚያክመው ኪዩር ሆስፒታል መላክ ይኖር ይሆናል። ከደረት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ጀሶ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያልና፣ እናት ሽንት እንዳያረጥበው ከታች ጨርቅ ታድርግለት፤ ጣቶቹ ቢያብጡ ወይም ቢጠቁሩ ሳታድር ወደ ሐኪም ትመለስ።